አመዳይ ሲወርድ የሚደርቅ ገላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ወደዚህ አምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለሚደርቅ፣ ስለሚያሳክክና ስለሚሰነጠቅ ቆዳ። በውጭ አገር የሚጻፉ የጤና ምክሮች ይህን ችግር የክረምት ችግር ይሉታል፤ ምክሩ እንዳለ ሲተረጎም ግን እኛን ያሳስታል፤ የእኛ ክረምት ዝናቡና ጉሙ አየሩን የሚያረጥብበት፣ ቆዳችንም ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚለሰልስበት ወቅት ነውና። የወሎ ደገኛ ገላ የሚደርቀው ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ሌሊቱ ውርጭ ቀኑም ደረቅ ፀሐይ ሲሆን። ማለዳ ሣሩ ላይ ነጥቶ የሚታየውን ውርጭ አመዳይ፣ የነጣውን ገላ ደግሞ አመዳም የምንለው ሁለቱም አመድ ስለሚመስሉን ይመስለኛል።

ለዛሬ ስምንት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የምኖር መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በክረምት ምንም የማይለኝ ቆዳዬ ኅዳር ሲገባ ይነጣል፤ ቅልጥሜ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይታያል፤ ማታ ልብሴን ሳወልቅ ያሳክከኛል። ጠዋት ሎሽን ተቀብቼ ብወጣም እስከ ምሳ ሰዓት የተቀባሁ አይመስልም። ውሃ ጠጪ ስለተባልኩ በቀን ሦስት ሊትር እጠጣለሁ፤ መጸዳጃ ቤት ከመመላለስ በቀር ያተረፍኩት የለም። የሚገርመኝ ግን ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ሄጄ አንድ ሳምንት ስቆይ ይሻለኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው? የትኛውን ሎሽን ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ የሎሽኑን ጉዳይ ላቆየውና ከኮምቦልቻ ልጀምር፤ የመልሱ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ የሚያገኟት ከተማ ስትሆን ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። አየር በቀዘቀዘ መጠን ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን ያንሳል፤ ያ ቀዝቃዛ አየር በቀን ፀሐይ ወይም በቤት ውስጥ እሳት ሲሞቅ ደግሞ ይጠማል፤ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይመጥጣል። የእርስዎ ቅልጥም በኅዳር ወር እርጥበታቸው ከሚመጠጥባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ስለሚተን ነው። ከቆዳችንም እንዲሁ ላብ ሳያልበን ቀንና ሌሊት ውሃ ይወጣል። ውሃው በብዛት እንዳይወጣ የሚያግደው የቆዳው የላይኛው ስስ ንጣፍ ነው፤ በዚህ ንጣፍ ላይ በተደራረቡት የደረቁ ሴሎች መካከል ያለው ስብ ቀዳዳውን ይደፍናል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ እንደሚሟሽ፣ ቆዳም በዚህ ስብ ራሱን እያሟሸ ይኖራል ማለት ይቻላል። ስቡ ሲሳሳ ውሃው ያመልጣል፤ ሴሎቹ ይጨማደዱና ጠርዛቸው ይነሣል፤ እርስዎ ቅርፊት ያሉት ይህንን ነው። ሦስት ሊትር ውሃ መጠጣቱም ያልጠቀመዎት ለዚህ ነው። በእውነት ውሃ የጠማው ሰው ቢጠጣ ቆዳውም ይጠቀማል፤ በበቂ ሁኔታ የሚጠጣ ሰው ግን ተጨማሪው በሽንት ይወጣል እንጂ ወደ ቅልጥሙ አይደርስም። ስለዚህ ሲጠማዎት ይጠጡ፤ ከዚያ ያለፈው ድካም ይቅርብዎ።

በደብዳቤዎ ስለ ገላ መታጠብዎ ያነሡት ነገር የለም፤ እኔ ግን ከሎሽኑ ይልቅ የምጠረጥረው እርሱን ነው። ደሴ ላይ በኅዳር ማለዳ በሙቅ ውሃ መታጠብን የማይወድ ሰው አላውቅም፤ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ትኩስ ውሃና ሳሙና ሳህን ላይ የደረቀ ቅቤን እንደሚያለቅቁ ሁሉ የቆዳንም ስብ ያለቅቃሉ። ቆዳ በተፈጥሮው ለዘብ ያለ አሲድነት ያለው ሲሆን ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ 5 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል)፤ የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ድረስ ይደርሳል፤ የልብስ ሳሙና ለገላ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጨርሱ፤ ሳሙናውን ለብብት፣ ለብልት አካባቢና ለእግር ብቻ ያድርጉት። ክንድና ቅልጥም ጭቃ ካልነካው ውሃ ብቻ ይበቃዋል። በሻካራ መፈግፈጊያ ቅርፊቱን ለማንሣት መታገል ያለውን ጥቂት ስብ ጨርሶ መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ሎሽኑ ልምጣ። እስከ ምሳ ሰዓት የተቀቡ የማይመስልዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲተን የሚቀረው ቅባት ትንሽ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን የሚቀቡበት ሰዓት ነው፤ ሰው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ በመጨረሻ ሲወጣ ይቀባል፤ በዚያ ሰዓት በቆዳው ላይ የሚታተም ውሃ የለም። ስለዚህ በሎሽኑ ፈንታ የቫዝሊን ቆርቆሮ ከባልዲው አጠገብ ያስቀምጡ። እንደታጠቡ ፎጣውን ጣል አድርገው ጫን ጫን ያድርጉት እንጂ አይፈትጉት። ገላዎ ገና ርጥብ እያለ የአተር ፍሬ የሚያህል ቫዝሊን በሁለት መዳፍዎ መካከል አሽተው ያሙቁና ከጉልበት ወደ ታች፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ይቀቡ። መዳፍዎ መንሸራተት ሲያቆም ሌላ አተር ይጨምሩ። ከታጠቡ በኋላ ባሉት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ይህን ካደረጉ በርካሽ ቫዝሊን የሚያገኙት ጥቅም፣ ዘግይተው በተቀቡት ውድ ሎሽን ከሚያገኙት ይበልጣል። ለሥራ ቀን ቫዝሊን ከበዛብዎ ወፈር ያለ፣ ሽቶ የሌለው ክሬም ይግዙ፤ በዕቃው ላይ ግሊሰሪን ወይም ዩሪያ የሚል ካለበት መልካም ነው። ለገላ የሚሆነው ዩሪያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድርቀቱ በበጋ ብቻ የሚመጣ መሆኑ ደግ ምልክት ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ሆኖ ድካም፣ ከሌላው ሰው የተለየ ብርድ ብርድ ማለትና ያለ ምክንያት መወፈር ቢታከልበት ግን ነገሩ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ስለ አባቴ ነው። በደላንታ የሚኖር አርሶ አደር ሲሆን ዕድሜው ከስልሳ አልፏል። ተረከዙ በየበጋው ይነቃል፤ ዘንድሮ ግን ንቃቃቱ ከመጥለቁ የተነሣ ደም ያዥቃል። እርሱ ዳር ዳሩን በምላጭ ይልጠውና የቀለጠ ሻማ ያንጠባጥብበታል። የሚጫማው በረባሶ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ንቃቃት ገዳይ አይደለም» ይለኛል።

መልስ፦ አባትዎ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ንቃቃት ራሱ ገዳይ አይደለም። ምላጩ ግን ሊሆን ይችላል። በፍግና በአፈር መካከል የሚውል እግር በዛገ ምላጭ ሲቆረጥ ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፈታል፤ ሻማው ደግሞ ትኩስ ሆኖ ያቃጥላል፤ ሲረጋም ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ቆልፎ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሁለቱም ዛሬውኑ ይቁሙ።

ተረከዝ ከሌላው የሰውነት ክፍል ቀድሞ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው ቢሉ፣ በውስጥ እግራችን ላይ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች ስለሌሉ ነው። የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ተረከዝ ወደ ጎን ይንሰራፋል፤ ቆዳው ለስላሳ ከሆነ አብሮ ይለጠጣል፤ ደርቆ የጠነከረ ከሆነ ግን ዳሩ ላይ ይተረተራል። በረባሶና ተረከዙ ክፍት የሆነ ጫማ ሁሉ ይህን መንሰራፋት የሚይዘው ነገር ስለሌለው ንቃቃቱን ያባብሰዋል።

ሕክምናው ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ እግራቸውን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉ፤ ጨው መጨመር አያስፈልግም፤ ጨው ያደርቃል። ውሃው የጠነከረውን ቆዳ ነጭና ለስላሳ ሲያደርገው በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይሹት፤ ደም የሚያዥቀውን ቦታ አይንኩት። በአንድ ሌሊት ሁሉንም ለማንሣት አይሞክሩ፤ በየማታው ጥቂት ጥቂት ይበቃል። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ያለውን ውሃ በደንብ አድርቀው፣ ተረከዙ ግን ገና ርጥብ እያለ ቫዝሊን ወፈር አድርገው ይቀቡና የጥጥ ካልሲ አጥልቀው ይተኙ። በመድኃኒት ቤት ከ20 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ከተገኘ ደረቁን ቆዳ ስለሚያሟሟ ሥራውን ያፈጥነዋል፤ በተከፈተው ቁስል ላይ ግን ስለሚያቃጥል ደሙ እስኪቆም በቫዝሊን ይቆዩ። ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ ቢያደርጉት ለውጡን በዓይናቸው ያዩታል። ቀን ቀን ተረከዙ የተሸፈነ ጫማ በካልሲ ቢያደርጉ ደግሞ ንቃቃቱ ቶሎ አይመለስም።

ግሊሰሪንም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንዳለ አይቀባም። እኔ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ አርሶ አደር ግሊሰሪን ሰጥቼ በውሃ ይበረዝ ማለቱን ረስቼው፣ ሰውየው በሳምንቱ እያነከሰ ተመልሶ ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠበትን ሁኔታ አልረሳውም። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው፤ ከደረቅ አየር የሚስበው ሲያጣ ከቆዳው ይስባል፤ በንቃቃቱም ውስጥ ገብቶ ይለበልባል። አንድ ክዳን ግሊሰሪን በአራት ክዳን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተበርዞ ይቀባና በላዩ ቫዝሊን ይደረግበታል።

ከዚህ በታች ያለውን ለአባትዎ ያንብቡላቸው። እግሩ ከቀላ፣ ካበጠና ከሞቀ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ከወጣ ኢንፌክሽኑ ገብቷልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የስኳር ሕመም ካለባቸው ደግሞ ምልክት ሳይጠብቁ እግራቸውን ያሳዩ፤ ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቁስሉን ላያውቁት ይችላሉ። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግራቸው የኖሩ ሰዎች ደግሞ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ እብጠት ካዩ፣ ያ ንቃቃት ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ከተጀመረ በማጠብ፣ በማለስለስና ጫማ በማድረግ የሚገታ ሌላ ሕመም ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የሐይቅ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አደርጋለሁ፤ በተለይ የሱብሒ ውሃ በጣም ይቀዘቅዛል። የእጄ ጀርባ ተሰነጣጥቋል። ቫዝሊን ከተቀባህ ውሃው ቆዳህን አይነካም ብለው ስለነገሩኝ መቀባት ፈራሁ። በእግር ጣቶቼም መካከል ቆዳው ይላጣል።

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም። የመጀመሪያው ጥያቄ የሃይማኖት ስለሆነ የሚመልሱልዎት የአካባቢዎ ዓሊም ናቸው። እኔ ልነግርዎ የምችለው ጥያቄው ራሱ እንዳይነሣ የሚያደርግ የሰዓት አመዳደብ ነው፤ ቀን ቀን ከሰላት በኋላ ቶሎ የሚሰርግ ቀለል ያለ ክሬም ይቀቡ፤ ወፍራሙን ቫዝሊን ከዒሻ በኋላ ሊተኙ ሲሉ ያድርጉት። ቆዳን የሚያደርቀው መርጠቡ ሳይሆን ርሶ በራሱ በነፋስ እየደረቀ መመላለሱ ስለሆነ፣ ከውዱእ በኋላ እጅዎን በጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ሳያደርቁ ወደ ውጭ አይውጡ። ሳህንና ልብስ በሳሙና ሲያጥቡ የሚውሉ እናቶችና እህቶችም ችግራቸው ያው ነው፤ ለእነርሱ ጓንት ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል።

በእግር ጣትዎ መካከል ያለው ግን ድርቀት አይመስለኝም። ነጥቶ የረጠበ፣ የሚያሳክክና ሽታ ያለው ከሆነ ፈንገስ ነው፤ ቫዝሊን እርጥበቱን ስለሚቆልፈው ያባብሰዋል። በደንብ እያደረቁ ክሎትሪማዞል ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ በሁለት ሳምንት የዳነ ቢመስልም እስከ አራት ሳምንት ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነው የምኖረው። በበጋ ቅቤ ተቀብቼ ወይባ እሞቃለሁ፤ ስወጣ ገላዬ እንደ ሕፃን ገላ ይለሰልሳል። ባለቤቴ ግን «ጭሱ ነው የሚያደርቅሽ» እያለ ይከራከረኛል። ማታ ማታ ደግሞ ከሰል አጠገብ ቁጭ ብለን እናመሻለን፤ ቅልጥሜ ላይ እንደ ዓሣ መረብ ያለ ጥቁረት ወጥቶብኛል። ይህስ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ጋር ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ከወይባው ሲወጡ የሚሰማዎት ልስላሴ የቅቤውና የላቡ ነው፤ ላቡ የላይኛውን ንጣፍ ያረጥበዋል፤ ቅቤው ያንን ይይዘዋል። ሙቀቱ ግን እንደ ሙቅ ውሃ ሁሉ የቆዳውን የራሱን ስብ ያላላዋል። ከጭሱ ወጥተው ቅቤውን በሳሙና ካስለቀቁት ሁለት ቀን ሳይቆይ ከበፊቱ የባሰ ይደርቃሉ፤ ባለቤትዎ የሚያዩት ያንን መሆን አለበት። ከወጡ በኋላ በለብታ ውሃ ብቻ ተለቃልቀው ርጥብ ገላዎን መልሰው ቢቀቡ ልስላሴው ይቆያል። ማዘውተር ግን አልመክርም፤ ለነፍሰ ጡርና ለአስም ሕመምተኛ ደግሞ ጨርሶ አይስማማም። የወሎን እናቶች ወይባ የሚያስጥል ምክር እንደማይሰማ ስለማውቅ ከዚህ አልፌ አልከራከርም።

በቅልጥምዎ ላይ የወጣው መረብ የከሰሉ ነው። ሳያቃጥል ለሳምንታት በየማታው የሚያርፍ ሙቀት በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ተከትሎ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል፤ ከምድጃ ጋር የሚውሉ ሴቶች ቅልጥም ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ከእሳቱ ከራቁ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ጥቁረቱ ሊቀር፣ አልፎ አልፎም ወደ ካንሰር የሚለወጥ ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ቅልጥምዎ ትኩስነቱ ከተሰማው ቀርበዋል ማለት ነውና ወንበርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ጋቢ ይደርቡ። ባና የሚለብሱ ከሆነ ሱፉ ደረቅ ቆዳን ስለሚያሳክክ ከሥሩ የጥጥ ልብስ ያድርጉ። ከሰሉ ሳይጠፋ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይተኙ፤ ይህ የቆዳ ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የኩታበር ነዋሪ ነኝ። እናቴ የአራት ወር ልጄን በየቀኑ አጥባ በቅቤ ታሸዋለች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ጉንጩና የክንዱ ውጭ ውጩ ቀልቶ ሻከረ፤ ሌሊት ፊቱን ትራሱ ላይ እየፈተገ ያለቅሳል። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም።

መልስ፦ እናትዎን ማስቀየም አያስፈልግም፤ ማሸቱ ደግ ነገር ነውና ይቀጥሉ። የሚለወጠው ቅባቱ ነው። ቅቤ ሳይነጠር የቆየ ከሆነ ተሕዋስያን ይኖሩበታል፤ ቅመም የገባበት ደግሞ ለተቆጣ ቆዳ ፈጽሞ አይሆንም። በእርሱ ፈንታ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ይስጧቸው። ዘይት ይሻለኛል ካሉ የሱፍ ዘይት ከወይራ ዘይት ይመረጣል፤ የወይራ ዘይት በስም የከበረ ቢሆንም የቆዳን መከላከያ ንጣፍ እንደሚያላላ ታውቋል። እትብቱ ባልወደቀ አራስ እትብት ላይ ግን ቅቤም ሆነ ሌላ ባህላዊ ነገር አይደረግም።

እርስዎ የገለጹት ምልክት ችፌ ይመስላል፤ ቆዳቸው በተፈጥሮ ውሃ መያዝ የማይችል ሕፃናት ላይ የሚታይና በደረቁ ወቅት የሚብስ ነው። መታጠቡን በሳምንት ወደ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቀንሱት፤ በለብታ ውሃ፣ ለአምስት ደቂቃ፣ ያለ ሳሙና ይሁን። በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ቫዝሊን ይቀባ፤ ጥፍሩ ይቆረጥ። በሳምንት ካልተሻለው ጤና ባለሙያው ለዘብ ያለ፣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ለጥቂት ቀናት ሊያዝለት ይችላል። ቢጫ ቅርፊት ካወጣ ወይም ካዠ አይጠብቁ። ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው እርሱን ብቻ ሳይሆን እናንተንም በጣቶቻችሁ መካከል ከሆነ ግን ነገሩ እከክ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማል።

ጥያቄ፦ በደሴ የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ፊቴ ሲደርቅብኝ ጓደኞቼ ከአንድ ሱቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዙትን ክሬም ሰጡኝ። በሦስት ቀን ለሰለሰ፤ ቀላም። አሁን አንድ ቀን ሳልቀባ ከዋልኩ ያቃጥለኛል፤ ፀሐይም አልችልም። ከንፈሬም ይላጣል።

መልስ፦ እህቴ፣ በሦስት ቀን ፊትን የሚያለሰልስና የሚያቀላ ክሬም ማለስለሻ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ቱቦውን ገልብጠሽ ጥቃቅኑን ጽሑፍ ብታነቢ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚል የምታገኚ ይመስለኛል። እነዚህ ኃይለኛ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሆኑ ይጠቅማሉ፤ በፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ቀያይ የደም ሥር ያወጣሉ፣ ሲቋረጡ ደግሞ እንዳልሽው ያቃጥላሉ። ማቃጠሉ ክሬሙ እንደሚያስፈልግሽ የሚናገር ይመስልሻል፤ ሰው እንዲህ ነው ለዓመታት የሚያዘው። ክሬሙን ይዘሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደምታቆሚ እርሱ ይንገርሽ። እስከዚያው ፊትሽን በውሃ ብቻ ታጠቢ፤ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ተቀቢ፤ ጃንጥላ ያዢ፤ ሌላ ክሬም አትሞክሪ። ከንፈርሽን አትላሺው፤ ምራቅ ሲተን ያለውንም ይወስዳል። ላሽ ላሽ ባሰኘሽ ቁጥር ቫዝሊን አድርጊበት።

ጥያቄ፦ ከላሊበላ ነው። ኅዳር 15 በሚገባው ጾም ቅቤና ሥጋ ስለማንበላ ይሆን ቆዳችን የሚደርቀው?

መልስ፦ አይደለም። ጾመ ነቢያት የሚውለው ውርጩ በሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ሁለቱ ተገጣጠሙ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም፤ የማይጾመው ጎረቤታችሁም ገላ ነጥቷል። ቆዳ የሚፈልገው ዓይነት ስብ ደግሞ በኑግ፣ በሱፍና በተልባ ውስጥ በደንብ አለ፤ የጾም ወጣችን በዚህ አይታማም።

ጥያቄ፦ የአምባሰል ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። በግራ ክንዴ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ከሌላው ቆዳ የገረጣና የደረቀ ቦታ አለ። ከዓመት በላይ ሆነው። አያሳክክም፤ አያምም። በየቀኑ ቫዝሊን ብቀባም ክረምትም በጋም ያው ነው። ምን ልቀባበት?

መልስ፦ ለእርስዎ የምመክርዎ ቅባት የለኝም። ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ የእርስዎን ደጋግሜ ያነበብኩት አያሳክክም ስላሉ ነው። በአየር የደረቀ ቆዳ ያሳክካል፤ ክረምት ሲገባም ይለሰልሳል። የእርስዎ ሁለቱንም አላደረገም።

ዛሬ ማታ ይህን ይሞክሩ። ዓይንዎን ጨፍነው ይቀመጡ፤ የቤተሰብዎ ሰው ጥጥ አሹሎ በጫፉ ብቻ አንድ ጊዜ ጤናማውን ቆዳ፣ አንድ ጊዜ የገረጣውን ቦታ ሳይጫን ይንካ፤ እርስዎ በተነኩ ቁጥር በጣትዎ የተነኩበትን ያመልክቱ። በገረጣው ቦታ ላይ ሲነካዎ ካላወቁ፣ ወይም ሌላው ክንድዎ ሲያልበው ያ ቦታ የማያልበው ከሆነ፣ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልግዎታል። ተሕዋሲው ወደ ቆዳ የሚሄዱትን ነርቮች ስለሚጎዳ ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ላቡ ይቆማል፤ ቦታው የሚደርቀውም ለዚህ ነው። ቢያውቁትም እንኳ ዓመት ያለፈው ምልክት ስለሆነ መታየቱ አይቀርም፤ ቋቁቻ ወይም ሌላ ቀላል ነገር ሆኖም ሊገኝ ይችላል።

ስሙ እንዳያስደነግጥዎ። ሥጋ ደዌ ዛሬ በሚዋጡ መድኃኒቶች የሚድን ሕመም ነው፤ ሕክምናው እንደ ምልክቶቹ ብዛት 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። በመንካት በቀላሉ የሚተላለፍም አይደለም፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ደግሞ ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። የጣት መቆርመድና ቁስል የሚመጣው ሳይታከም ሲቆይ ነው። በቅርብዎ ያለው ጤና ጣቢያ ሊያይዎት ይችላል፤ ወደ ደሴ የሚመጡበት ጉዳይ ካለዎት ደግሞ ብዙ የማይርቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዚህ ሕመም ሕክምና የቆየ ልምድ ያለው ነው። ሲሄዱ ከክንድዎ ሌላ ጀርባዎን፣ መቀመጫዎንና ጆሮዎን ጭምር እንዲያዩልዎት ይጠይቁ፤ በራስዎ ዓይን የማያዩዋቸው ቦታዎች ናቸው። ባለቤትዎና ልጆችዎም አብረው ይታዩ። የጥጡን ፈተና ውጤት ለባለሙያው ለመንገር እንዲመችዎ ስሜት ያጡበትን ቦታ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ከብበው ይሂዱ፤ የዚያን ቀን ክንድዎን አይቀቡ።